መዳፍ የምታህል ልብስ

በማኅበራችን ውስጥ በዕድሜ ከሁላችን የምትበልጠው እትዬ ልኬ ነበረች። አንቱ መባል ግን አትወድም። «አንቱ ያላችሁኝ ቀን መቀሴን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ» ስለምትል፣ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የሰፋችልኝ እኔ እንኳ ሳልቀር አንቺ እላታለሁ። ልኬ የሚለው ቅጽል ስም ከሥራዋ የመጣ ነው። አርባ ዓመት የተማሪ ልብስ ስትሰፋ ሜትር ያነሳችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጁን በር ላይ አቁማ ከእግር እስከ ራሱ አንድ ጊዜ ታየውና «ትከሻ ሠላሳ አንድ፣ እጅጌ አርባ፣ ሂድ ተጫወት» ትለዋለች። እናትየው ተጠራጥራ ሜትር ይዛ ብትለካ ያው ሆኖ ይገኛል።

የምትሰፋው እቤቷ ነበር፤ መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍል። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ አይጠፋም። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እሳቸውን ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ደጃፍ አውጥተው ጋዜጣ ያነባሉ። ንግግር ላይ ቁጥብ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ በአንገታቸው ነው የሚሰጡት። ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድገው ድረው፣ ሁለቱም ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደውባቸዋል። ሰፈሩ ስለ እነሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር።

ማኅበራችን የዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ያቋቋሙት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰብሳቢያችን እንላቸዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እንሰበሰባለን። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ስንቀመጥ ጉልበታችን ወደ አገጫችን ይመጣል፤ ግድግዳው ዙሪያ የድሮ ጋዜጣ ተከምሯል። ትልቅ ነገር ሠርተን አናውቅም። ለጤና ጣቢያው መጋረጃ ሰፍተናል፤ ማንበብ ላልቻሉ እናቶች ፊደል አስቆጥረናል። እኔ ፀጉር ሠሪ ስለሆንኩ በወር ሁለት ጊዜ ሆስፒታል እየሄድኩ አልጋ ላይ የዋሉ ሕመምተኞችን ፀጉር አጥባለሁ። ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ስለሚያምር ሳይሆን ሌላው ሁሉ አልይዝም ስላለ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ሲጥል፣ የሆስፒታሉ አዋላጅ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆመች። ሰብሳቢያችን ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«ሞተው ስለሚወለዱ ልጆች ነው የመጣሁት» አለች።

አዋላጇ ረጋ ብላ አስረዳችን። እናቶች ልጃቸውን ማየት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ማቀፍ። ነገር ግን ለእነዚያ ልጆች የሚሆን ልብስ የለም። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ስለሆኑ ከሱቅ የሚገዛው ሁሉ ይውጣቸዋል። እሷና ጓደኞቿ ከአሮጌ አንሶላ እየቀደዱ ወይም በቀዶ ጥገና ፎጣ እየጠቀለሉ ነው የሚሰጡት። «እናትየዋ ስትገልጠው የማየውን ፊት መቻል አቃተኝ» አለች። ልንሰፋላቸው እንችል እንደሆነ ጠየቀች።

መጀመሪያ የተናገረችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። እሷ ልቧ ላይ ያለው ምላሷ ላይ ነው። ልጇ እርጉዝ መሆኗን ነገረችንና፣ ይሄ ሟርት ነው፣ ሕያው ሕፃን ሳይወለድ የሞተ ልጅ ልብስ እቤቴ አላስገባም አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢያችን ነገሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርና በድምፅ ይወሰን አሉ። በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቀው እትዬ ልኬ ያኔ ቀና አለች።

«ትንሿ ምን ታህላለች?» ብላ አዋላጇን ጠየቀቻት።

አዋላጇ እጇን ዘረጋች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ በሌላው እጇ አሳየቻት። እትዬ ልኬ የአዋላጇን መዳፍ ትክ ብላ አየችው። ማንንም ልጅ ያን ያህል ቆይታ ስታይ አላየሁም።

«ገባኝ» አለች።

በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ሥራው ግን እንደገመተችው አልሆነም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተበላሹባት፤ የስፌት መኪናው ጥርስ ጨርቁን ጎትቶ ይውጠዋል። አርባ ዓመት ስትሰፋ ከኖረችው ሸሚዝ ላይ ኪሱ ብቻ ከዚህ ልብስ ይበልጣል። ስለዚህ መኪናዋን ሸፍና በእጇ መስፋት ጀመረች። አዋላጇን አስጠርታ ስለ ልጆቹ ገላ ጠየቀቻት። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ እጅጌ ውስጥ ክንድ መጎተት፣ ባንገት ማጥለቅ አይቻልም። ስለዚህ ልብሱ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት፣ በቁልፍ ሳይሆን በቀጭን ጥብጣብ የሚታሰር አደረገችው። ስፌቱን ደግሞ ወደ ውጭ አወጣችው።

እኔ ጨርቅ ላቀብላት ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ልብሱ የተገለበጠ ስለመሰለኝ «እትዬ፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ቢሆን አያምርም ነበር? እነሱ እንደሆኑ መቼስ…» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ይቆረቁራቸዋል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ከመዳፍ እስከ ክንድ በቁመታቸው የተደረደሩ። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉት። ድምፅ እንዲሰጥበት ያነሳ የለም፤ እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሥራው ተጀመረ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ጠረጴዛው አልቀረበችም። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጥቅል ለስላሳ ነጭ ጥጥ ይዛ መጥታ ወንበር ላይ አኖረችው። «እኔ አልሰፋም፤ ጨርቁ ግን በእጄ የታጠበ ነው» ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች። የልጅ ልጇም በሰላም ተወለደ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ልብስ ሰፋን። አብዛኛው የእትዬ ልኬ ነው። ለምን እንዲህ እንደያዘችው ማንም አልጠየቃትም። እጇ ጥሩ ስለሆነ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

የልብሶቹን እሽግ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ትኩሳት ይዞኝ ተኛሁና እትዬ ልኬ ራሷ ወሰደችው። ማዋለጃው ኮሪደር ላይ አዋላጇ እየሮጠች አገኘቻት። ሁለት ሴቶች ምጥ ላይ ናቸው፤ የምታግዛት ጓደኛዋ አልገባችም። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ጠዋት ልጇን ያጣች ሴት ተኝታለች። ልጅቷን አልብሰው እንዲሰጧት ትፈልጋለች፤ ራሷ ማልበስ ግን አልቻለችም። ባሏ ከመስክ ሥራ እስኪደርስ ገና ሰዓታት ይቀራሉ።

«እትዬ፣ ብትችይ አልብሻት፤ ግድ ግን የለብሽም» አለቻት አዋላጇ።

እትዬ ልኬ ገባች። ሴትየዋ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ልጅቷ አልጋው አጠገብ ባለች ትንሽ አልጋ ላይ በፎጣ ተሸፍናለች።

«እርስዎ ነዎት የሚሰፉት?» አለች ሴትየዋ ሳትዞር።

«አዎ ልጄ።»

«ያልብሱልኝ። እጄ እንቢ አለኝ።»

እትዬ ልኬ መጀመሪያ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ አሞቀቻቸው። ከእሽጉ ውስጥ ልብስ መረጠች፤ ሁለተኛ መሞከር አላስፈለጋትም። ልብሱን ዘርግታ ልጅቷን ላዩ ላይ አስተኛቻት፤ ክንዷን አንድ በአንድ አስገባች፤ ጥብጣቦቹን ከላይ ወደ ታች አሰረች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ለልጅቷ በሹክሹክታ ታወራላት ነበር፤ ምን እንዳለቻት ግን ለእኔም አልነገረችኝም። ስትጨርስ አቅፋ ወደ እናቷ አመጣቻት። ሴትየዋ ዞራ አየች፤ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።

«ልኳ ነው» አለች።

«ልኳ ነው» አለች እትዬ ልኬም።

ሴትየዋ ልጇን እያየች፣ እርስዎ ስንት ልጆች አሉዎት ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ልኬ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ብላ ነው የመለሰችው።

«ሦስት» አለች ያን ቀን። «የመጀመሪያው ወንድ ነበር። አላየሁትም።»

ይህንን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ በዚያው ሆስፒታል፣ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። እሷም በትኩሳት ራሷን ስታ ሁለት ቀን ቆየች። ስትነቃ «ሁሉም ነገር አልቋል» አሏት፤ የት ሄደ ብላ ለመጠየቅ አቅሙም ድፍረቱም አልነበራትም። ሆስፒታሉ እንዲህ ያለውን ልጅ ለቤተሰብ አይሰጥም ብላ አምና ኖረች። ከባሏ ጋር ስለዚያ ልጅ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ተወለዱ፤ ሥራ፣ ቤት፣ የትምህርት ቤት ልብስ፤ ዓመቱ እንዲሁ ሄደ።

ያን ሐሙስ እቤቷ ስትመለስ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ልታልፋቸው ነበር፤ ግን ፊታቸው ቆመች።

«ልጁ ምን ለብሶ ነው የሄደው?» አለቻቸው።

የትኛው ልጅ ብለው አልጠየቁም። ጋዜጣቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ጠይቀውኝ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«የሆስፒታሉ ሰዎች። ትወስደዋለህ ወይ አሉኝ። አንቺም የምትተርፊ አትመስይም ነበር። ሁለታችሁን ባንድ ሳምንት መቅበር አቃተኝ። እናንተው አድርጉት ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

እትዬ ልኬ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ገብታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና እስኪመሽ ሳትሠራ ቆየች። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ምግባቸውን እያቀረበች፣ ልብሳቸውን እያጠበች፣ ቃል ሳትተነፍስላቸው ኖረች። አሥራ ስምንት መሆኑን የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። «አርባ ዓመት መሪ ስይዝ አንድ ሰው አልገጨሁም» አሉኝ አንድ ጊዜ። «እሷን ግን እቤቴ ውስጥ ገጭቼ አልቆምኩላትም።»

ጋሼ ይቅርታ የሚለምኑበት አፍ አልነበራቸውም። ኮታቸውን ለብሰው ሆስፒታል ሄዱ። መዝገብ ቤቱ የዚያን ዓመት መዝገብ ውኃ ገብቶበት ተበላሽቷል አላቸው። በማግስቱ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀንም። ጸሐፊዋ ስለሰለቻት ይሁን ስላዘነች አይታወቅም፣ ያኔ ተላላኪ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በሕይወት እንዳሉ ነገረቻቸው። የሽማግሌው ቤት ጋሼ ለዓመታት የነዱት አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው ቢጠፋም የሚያስታውሱትን ነገሯቸው። ያኔ ቤተሰብ ያልወሰዳቸው ሕፃናት የሚቀበሩት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ በአጥሩ ግድግዳ ሥር ነው። ምልክት አይደረግባቸውም። ሥራው ሲሰጣቸው ብቻቸውን ይዘዋቸው ይሄዱና ኮፍያቸውን አውልቀው ይቀብሯቸው ነበር።

ጋሼ እቤት ተመልሰው መስፊያው አጠገብ ቆሙ።

«አግኝቼዋለሁ» አሉ። «እሱ ያለበትን ሳይሆን ግድግዳውን ነው ያገኘሁት። በዚያ ሥር የሆነ ቦታ ነው።»

እትዬ ልኬ መቀሷን አስቀመጠች። ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። «ሹራብህን ደርብ፤ ይነፍሳል» አለቻቸው። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

እዚያ ሲደርሱ ያገኙት የተጣለ ብረት ነው። እግር የሌላቸው አልጋዎች፣ የዛገ ጋሪ፣ የተሰበረ ማጠቢያ ገንዳ ግድግዳው ሥር ተቆልሏል፤ በመካከሉ አረም በቅሏል። ከማጠቢያው ቤት ሙቅ እንፋሎት በጭስ መውጫው እየወጣ ላያቸው ላይ ያልፋል። የትኛው ጫፍ ይሆን ብላ ጠየቀቻቸው፤ አላወቁም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረው ተራመዱና ተመለሱ።

ቅዳሜ እትዬ ልኬ ከዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ተነሥታ ቆመች። ቆማ ስትናገር አይተናት አናውቅም። ልጇን፣ ግድግዳውን፣ ብረቱን ነገረችን፤ የባሏን ነገር ግን አላነሳችም። የጠየቀችን ብረቱ እንዲነሣና ቦታው እንዲታጠር ሆስፒታሉን እንድንለምን ነው። ሰብሳቢያችን ደብዳቤውን እዚያው ጻፉ። ጮክ ብለውም ራሳቸው አነበቡልን።

መልስ ለማግኘት አንድ ወር ፈጀ። ቦታው ለአዲስ ጄኔሬተር ቤት ተመድቧል፤ ስለ አሳቢነታችሁ እናመሰግናለን የሚል ነበር። ሁለተኛ ጻፍን። ሦስተኛ ጊዜ ሰብሳቢያችንና እትዬ ልኬ ራሳቸው ሄደው ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ጠብቀው፣ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብለው ተመለሱ።

ነገሩን ያዞረችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። እሷ ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት ዳቦ የምታቀርብ ስለሆነች ከበረኛው እስከ ልብስ አጣቢዎቹ የማያውቃት የለም። አንድ ጠዋት ዳቦዋን አውርዳ ማጠቢያው ቤት ገባችና ስለ ግድግዳው ጠየቀቻቸው። አጣቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም የቆየችው፣ ግቢው በአንሶላ ሲሞላ እንኳ በዚያ በኩል የማስጫ ገመድ ወጥረው እንደማያውቁ ነገረቻት። ለምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ከእነሱ በፊት የነበሩት «በዚያ በኩል አይሰጣም» ብለው አስተማሯቸው፤ እነሱም አዲስ ለምትገባው እንዲሁ ይላሉ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ይህንን ይዛ ዳይሬክተሩን መኪናቸው ሲቆም ጠብቃ ያዘቻቸው። ወጣት ሰው ናቸው፤ ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ደብዳቤያችንን በጥድፊያ አይተውት ኖሯል። ከኋላቸው አልለቅም ስላለች ሄደው ቦታውን አዩ። የቆየችው አጣቢ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ ያንኑ ቃል ደገመችላቸው። ዳይሬክተሩ ብረቱን፣ ቀጥሎም በሌላ በኩል የተሰጣውን አንሶላ ተመለከቱ።

«ጄኔሬተሩ በሌላው በኩል ቢቆምም ይሠራል» አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ብረቱን ያነሳነው እኛው ነን፤ አጣቢዎቹና ጋሼም አብረውን። ጋሼን በዚያ ዕድሜያቸው ይህን አይሸከሙ ብንላቸው አልሰሙንም። መሬቱን ሳንቆፍር አረሙን በእጃችን ነቀልን፤ ሣር ተከልን፤ ወገብ የምትደርስ የእንጨት አጥርና አንድ አግዳሚ ወንበር አቆምን። ሰብሳቢያችን በድንጋይ ላይ ጽሑፍ ይቀረጽ ብለው ነበር። በዚህ ላይ ተከራከርን፤ ሁለት ቅዳሜ ወሰደብን። እትዬ ልኬ «ስም ላልወጣላቸው ልጆች ምን ልትጽፉ ነው?» አለችና ነገሩ ቀረ።

ለእሷ ለአንዷ የሠራነው መስሎን ነበር። ወሬው ግን በከተማው ተሰማና ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። አንዳንዷን ልጇ፣ አንዳንዷን የልጅ ልጇ እጇን ይዞ ያመጣታል፤ እጇን የያዙት ስለ ሞተው ልጅ የሰሙትም ገና ያን ቀን ነው። አንዲት ሴት ከሩቅ ከተማ መጥታ ጠዋት የተቀመጠችበት ወንበር ላይ እስከ ማታ ቆየች። የአጥሩን በር የመክፈቱን ሥራ ጋሼ ወሰዱት። ጠዋት ጋዜጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይከፍታሉ፣ ሰው ሲመጣ ራቅ ብለው ይቆማሉ።

እትዬ ልኬ ይቅር ብላቸው እንደሆን አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን እሽጉን ሐሙስ ሐሙስ የምታደርሰው ራሷ ሆና፣ ካደረሰች በኋላ እዚያ ወንበር ላይ አብረው ሲቀመጡ አይ ነበር። አንዳንዴ ያወራሉ፤ አንዳንዴ እሳቸው ጋዜጣውን ድምፅ አውጥተው ያነቡላት ነበር፣ ምክንያቱም ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባላት እኛ ነበርን። ስፌታችንን በጣቷ እየዳሰሰች፣ የተንጋደደ ስታገኝ ሳትቆጣ «ይሄን ፍቺው» ትል ነበር። እኔን ብዙ አስፈትታኛለች።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ለሦስት ሳምንት ታማ ዐረፈች። ሁለቱ ልጆቿ አጠገቧ ነበሩ። በቀብሯ ዕለት የሰፈሩ ሰው፣ የማኅበሩ ሴቶች፣ ልብስ የሰፋችላቸው ትልልቅ ሰዎች መጡ። ከኋላ ግን የማናውቃቸው ሴቶች ቆመው ነበር፤ ወደ ሃያ የሚሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁ አይመስሉም። ሲያልቅ አንዷን ተጠግቼ እትዬን በምን ታውቋታላችሁ አልኳት።

«አላውቃቸውም» አለችኝ። ወጣት ናት፤ በእጇ ምንም አልያዘችም። «ልጄን ሲሰጡኝ ልብስ ለብሶ ነበር። ማን እንደሰፋው ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ከዚያም መንገዱ ዳር ቆማ አውቶቡሷን ጠበቀች። በዚያው ቅዳሜ እኛም ተሰበሰብን። አዋላጇ በጣም ትንንሾቹ ልብሶች አልቀዋል ብላ ልካ ስለነበር፣ ጨርቁን ዘርግተን መቁረጥ ጀመርን።